ከኋላ የሚመጣ ድምፅ

ካርቶኑ ገና አልተከፈተም። ባለሙያው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። ከዚያ እናትየውን «ማዘር፣ ቲቪ ሲያዩ የት ነው የሚቀመጡት?» ብሎ ጠየቃቸው። ጥያቄው ትንሽ ቢገርማቸውም በመስኮቱ በኩል ያለችውን ባለአንድ ሰው ሶፋ አሳዩት። የቤቱ እመቤት የሆነችው ልጃቸው ከቲቪው ትይዩ ባለው ረጅም ሶፋ ግራ ጫፍ ላይ እንደምትቀመጥ ነገረችው። የእሷ ልጆች ምንጣፉ ላይ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይሸጋሸጋል። ወጣቱ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ከእያንዳንዱ መቀመጫ እስከ ቲቪው፣ ከዚያም እስከ ጎንና ጎን ግድግዳው ለካና ቁጥሮቹን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ።

ቤቱ አያት አካባቢ ያለ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ከቲቪው ሥር ያለውን ረጅም ስፒከር፣ ሳውንድባሩን፣ ከነሳብዉፈሩ ለእመቤቲቱ ይዞ የመጣው ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሟ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ለዚያው ሳውንድባር የተሠሩ ሁለት የኋላ ስፒከሮች ሰው አግኝቶ ላከላት። «ድምፁማ እንኳን ለኛ ለጎረቤትም ይበቃል፤ እንዲጮህልኝ ብዬ አይደለም» አለችኝ። የምትፈልገውን ልታስረዳኝ ስትሞክር ወንድሟ ቤት ስለሰማችው ዝናብ አወራችኝ። ፊልሙ ውስጥ ዝናብ መዝነብ ሲጀምር መስኮት ክፍት የቀረ መስሏት ልትዘጋ ተነሥታ ነበር።

ብዙ ሰው የኋላ ስፒከር የሚገዛው ቤቱን የሚያናውጥ ድምፅ ፍለጋ ነው። የሱቅ ሻጮችም የሚያስደምጡት ተኩስና ፍንዳታ ነው። እኔ ግን የዚህች ሴት ዝናብ ይበልጥብኛል። ሁለቱ ስፒከሮች ለሳሎን የሚሰጡት ትልቁ ነገር የቦታ ስሜት ነው፦ ጓሮው፣ መንገዱ፣ የጎረቤት ውሻ፣ ከበስተጀርባ የሚያልፍ መኪና። ይህ ስሜት የሚገኘው ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ ዕቃው ከተቀመጠበት ቦታና ከተስተካከለበት መንገድ ነው። ለዚህም ነው ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ሜትር መውጣቱን የወደድኩት።

ከፊት ያለው ብቻ ለምን አይበቃም?

አንድ ሰው ከቀኝ በኩል ቢጠራን ድምፁ ቀድሞ የሚደርሰው ቀኝ ጆሯችን ጋ ነው። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ አንጎላችን ግን ያቺን ቅንጣት ይይዛታል። ጭንቅላታችን ራሱ ስለሚከልለውም በግራ ጆሮ የሚሰማው፣ በተለይ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ፣ ደከም ይላል። ግራና ቀኝን የምንለየው በነዚህ ነው። ፊትና ኋላ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። ልክ ከፊታችን ያለ ድምፅም ሆነ ልክ ከኋላችን ያለ ድምፅ ሁለቱም ጆሮዎች ጋ በእኩል ጊዜና በእኩል ጉልበት ይደርሳል። እዚህ ላይ የሚያወጣን የውጭኛው ጆሯችን ቅርጽ፣ ያ እጥፍጥፉ ነው። ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ ከፊት ከሚመጣው ለየት አድርጎ አጣርቶ ያስገባዋል። ያም ካልበቃ ሳይታወቀን ጭንቅላታችንን ትንሽ እናዞራለን፤ ወዲያው ፊትና ኋላው ይለያል።

ሳውንድባር ከፊት ሆኖ ይህን ሁሉ ለማሳት ይሞክራል። አንዱ ዘዴው ድምፁን ወደ ጎን ግድግዳዎች ወርውሮ ነጥሮ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ሌላው ድምፁ ከኋላ ቢመጣ ኖሮ ጆሮ እንዴት አጣርቶ ያስገባው እንደነበር አስልቶ አስቀድሞ አስመስሎ መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ዘዴ የሚሠራው በአማካይ ጆሮ ተሰልቶ ስለሆነ አንዱን ሰው ያሳምነዋል፣ አጠገቡ ያለውን አያሳምነውም። ጭንቅላቱን ያዞረ ሰው ደግሞ ማስመሰሉ ይፈርስበታል። የመጀመሪያው ዘዴ ግድግዳ ይፈልጋል፤ ያውም በሁለቱም ጎን፣ ባዶና ጠጣር ግድግዳ። አያት ያለው ሳሎን በግራው መስኮትና ወፍራም መጋረጃ፣ በቀኙ ወደ ኮሪደርና ወደ ኩሽና የሚያወጣ ክፍት ቦታ ነው ያለው። በግራ የተወረወረውን ድምፅ መጋረጃው ይውጠዋል፤ በቀኝ የተወረወረው ኩሽና ገብቶ ይቀራል። ሳጥኑ ላይ ስለ ዙሪያ ድምፅ የተጻፈው እዚህ ቤት ያልሠራበት ምክንያት ይኸው ነው። ከኋላ እንዲሰማ የተፈለገ ድምፅ እውነተኛ ምንጩ ከጎን ወይም ከኋላ ቢቀመጥለት ግን ጆሮን ማታለል አያስፈልግም።

ድምፅን ከዙሪያ የመስማት ጥማትን ሲኒማ ቤቶች ከኛ ቀድመው ያውቁታል። የዋልት ዲስኒ «ፋንታዚያ» እ.ኤ.አ. በ1940 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ቲያትር ሲከፈት ፋንታሳውንድ የተባለ ልዩ መሣሪያ ተተክሎለት ኦርኬስትራው ከመጋረጃው አልፎ በአዳራሹ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ነበር። ወጪው ከባድ ስለነበር በጥቂት አዳራሾች ብቻ ተወሰነ። ነገሩ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1970ዎቹ ነው። የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «አፖካሊፕስ ናው» በ1979 ሲወጣ ዋልተር መርችና ባልደረቦቹ ለ70 ሚሊሜትር ኮፒው የኋላውን ድምፅ ግራና ቀኝ ብለው ለዩት። በፊልሙ መክፈቻ ላይ የሄሊኮፕተሩ ክንፍ ድምፅ ተመልካቹን ይዞረዋል። ፊልሙ በድምፅ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ ዲጂታል ታየ፤ ከዚያ ዲቪዲ መጣና ያው ባለስድስት መስመር ድምፅ ሳሎን ገባ። 5.1 የሚባለው እሱ ነው፦ ሦስት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ነጥብ አንዱ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚይዘው የሳብዉፈር መስመር። በ2012 ከፒክሳር «ብሬቭ» ጋር የመጣው ዶልቢ አትሞስ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ጨመረበት። ሳጥን ላይ 5.1.2 ተብሎ ሲጻፍ የመጨረሻዋ 2 ወደ ላይ የሚያወጡት ስፒከሮች ናቸው። ቁጥሩ 3.1 ብቻ የሚል ከሆነ ከኋላ የሚሰማ ነገር የለውም ማለት ነው፤ የኋላ ስፒከር ጥያቄ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ሶፋውና እንግዳው

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ5.1 ድምፅ ያወጣው ምክር ሁለቱን የኋላ ስፒከሮች ከአድማጩ ፊት ተነሥቶ በሁለቱም ጎን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ፊትዎን ወደ ቲቪ አድርገው ሁለቱን እጆችዎን ቀጥ አድርገው ወደ ጎን ቢዘረጉ 90 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ትንሽ ገፋ ሲደረግ ቦታው ይገኛል። ስሙ የኋላ ስፒከር ይባል እንጂ ትክክለኛ ቦታው ከጀርባ ይልቅ ለጎን ይቀርባል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ሁለቱንም ከማጅራቱ በስተኋላ አጠጋግቶ ይደረድራቸዋል፤ የግራና የቀኙ ስፋት ይጠፋና ድምፁ ከጀርባ ተጣብቆ ይቀራል።

ይህ ምክር በሐሳቡ የያዘው ቤት ግን አንድ ሰው ክፍሉ መሃል የተቀመጠበት፣ ከጀርባውም ባዶ ቦታ ያለበት ነው። የኛ ሳሎን እንዲህ አይደለም። የኛ ሳሎን እንግዳ ፊት ለፊት ተያይቶ እንዲጫወት የተሰናዳ ነው፤ ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ክፍሉን ይዞራል፣ መሃሉ ለጠረጴዛና ለሰው መተላለፊያ ይተዋል። ፊልሙን ብሎ ሶፋውን ወደ መሃል የሚጎትት ሰው በበዓል ቀን ይቸገራል። እኔ በዚህ ክርክር ከእንግዳው ጎን ነኝ። ስፒከሩ ለሳሎኑ ይስማማ እንጂ ሳሎኑ ለስፒከሩ አይፍረስ። የሚከፈለው ዋጋ ግን ይታወቅ፤ ያኔ መላ ይገኝለታል።

ወጣቱ ካርቶኑ ላይ የጻፋቸውን ቁጥሮች ልጠቀም። የግራው ስፒከር የቤቱ እመቤት አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ከጆሮዋ 80 ሳንቲሜትር ይርቃል፤ በረጅሙ ሶፋ ቀኝ ጫፍ ከሚቀመጠው ሰው ደግሞ 3 ሜትር። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ከ11 ዴሲቤል በላይ ልዩነት ይኖራል። ክፍል ውስጥ ግድግዳውና ጣሪያው ስለሚያነጥሩት ልዩነቱ ጥቂት ይጠብባል፤ ያም ሆኖ እሷ ጆሮዋ ላይ ሲጮህባት ሌላው ጋ ደክሞ ነው የሚደርሰው። አሁን ያው ስፒከር ከጆሮዋ 80 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ለእሷ ያለው ርቀት ወደ 1 ሜትር ከ13 ያድጋል፣ ለሌላው ከ3 ሜትር ወደ 3 ሜትር ከ10 ብቻ። ልዩነቱ ወደ 9 ዴሲቤል ወረደ። ፊቱን ደግሞ ከእሷ ራስ በላይ አሳልፎ ወደ ሩቁ መቀመጫ ቢያነጣጥሩት ቀጫጭኑ ድምፅ ለቅርቡ ሰው ይለዝብለታል። ለአንድ ሰው ብቻ ቢሆን የጆሮ ከፍታ ይሻል ነበር። ብዙ ሰው ለሚቀመጥበት ክፍል ግን ከፍ ማድረጉና ማሻገሩ ነው የሚያዋጣው።

የቀኙ ስፒከር ሌላ ጣጣ ነበረበት። በልኩ መሠረት የሚሰቀልበት ጥግ ረከቦቱ የሚቀመጥበት ነው። እናትየው ገና ሜትሩ ወደዚያ ሲዘረጋ አይተው «እዚያማ ቡናዬን የማፈላበት ነው ልጄ» አሉ። ወጣቱም አልተከራከረም፤ «እሺ ማዘር፣ እሱን አንነካውም» አለ። የከሰሉ ሙቀትና የዕጣኑ ጢስም ለስፒከር አይበጅም። 60 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ወስዶ ከኮሪደሩ መግቢያ ጎን ባለችው የግድግዳ ቁራጭ ላይ ምልክት አደረገ። የግራውንም በዚያው ልክ ወደ ፊት አመጣው፣ ሁለቱ እንዳይዛነፉ። በዚህ ሁኔታ ስፒከሮቹ ለረጅሙ ሶፋ ወደ 90 ዲግሪ ተጠግተዋል፤ ሶፋው ግድግዳ ለተደገፈበት ቤት ይህ የተሻለ ምርጫ ነው። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ስለሆነ በትራፓኖው ቀስ ብሎ በሳው፤ ፊሸሩ ባዶው ላይ እንዳያርፍ ሁለት ጊዜ ቦታ ፈለገ። ረጅሙን ሶፋም ከግድግዳው አንድ ጫማ ያህል እንዲያስለቅቁት ጠየቃቸው። ጭንቅላት ግድግዳ ሲነካ ወፍራሙ ድምፅ እዚያው ተጠራቅሞ ይጎረብጣል፤ ያቺ ትንሽ ክፍተት ብዙ ታግዛለች።

ገመድ አልባ ሲባል

ሻጩ «ገመድ የለውም» ሲል ድምፁ በአየር ይመጣል ማለቱ ነው። መብራት ግን በአየር አይመጣም። አብዛኞቹ የኋላ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው ሶኬት ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ አንድ መቀበያ ሳጥን ይኖራቸውና ከሱ ወደ ሁለቱ ስፒከሮች ሽቦ ይዘረጋል፤ ያ ሽቦ ከሶፋው ጀርባ ካልተደበቀ በበር ላይ ማለፉ ነው። በባትሪ የሚሠሩም አሉ። የጄቢኤል ባር 1000 ሁለት ጫፎች ተነቅለው የኋላ ስፒከር ይሆናሉ፤ የሶኒው ኤስኤ-አርኤስ5 ደግሞ ባትሪ ተገጥሞለታል። ሁለቱም አንዴ ሞልተው እስከ 10 ሰዓት እንደሚሠሩ አምራቾቻቸው ይናገራሉ። መብራት ሲጠፋ ቲቪውም ስለሚጠፋ የባትሪው ጥቅም እዚያ ላይ አይደለም። ጥቅሙ ሶኬት በሌለበት ጥግ ነው፤ በተለይ ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት ተከራይ።

ከአሜሪካ ለሚላክ ዕቃ አንድ ነገር በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ስፒናው ላይ ማስተላለፊያ ሰክቶ ከማብራት በፊት የዕቃው ጀርባ ወይም አዳፕተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የስፒናውን ቅርጽ ማስማማት ብቻ ይበቃል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው፤ ያለሱ አንድ ጊዜ ተሰክቶ ይቃጠላል። አንድ ሳጥን ውስጥ የመጡ ዕቃዎችም ሊለያዩ ይችላሉ። እዚህ ቤት የኋላ ስፒከሮቹ እስከ 240 ይቀበላሉ፤ ሳብዉፈሩ ግን 120 ብቻ ስለሆነ ከመጣ ጀምሮ በትራንስፎርመር ነው የሚሠራው። ላኪው ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ይህችን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ቢልክ ስንት ዕቃ በዳነ።

ሌላው የሚያስቆጨው ኪሳራ አለመግጠም ነው። የኋላ ስፒከር እንደ አምፖል ከየትኛውም ቤት ጋር አይገጥምም። የሳምሰንግ ከሳምሰንግ፣ የኤልጂ ከኤልጂ፣ የሶኖስ ከሶኖስ ነው የሚሠራው፤ አንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ የተወሰኑ ሞዴሎች ብቻ ናቸው የሚቀበሉት። የሳውንድባሩን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዞ አምራቹ ያወጣውን ዝርዝር ሳያዩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መርካቶም ሆነ ዱባይ ሻጩ «ይሠራል» ቢል እዚያው አገናኝቶ ያሳይ።

ስፒከሮቹ ተሰቀሉ፣ መብራታቸው በራ፣ ከሳውንድባሩ ጋርም ተገናኙ። ልጆቹ ፊልም ከፈቱ። ከኋላ ምንም የለም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ቤት ዕቃው ተበላሽቷል ይባላል። ወጣቱ ግን ቀጥታ የሄደው ወደ ቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ነው። የድምፅ መውጫው ፒሲኤም ላይ ተቀምጧል። ከቲቪ ወደ ሳውንድባር ድምፅ በሚመለስበት ኤአርሲ በሚባለው የኤችዲኤምአይ መስመር ላይ ፒሲኤም ሲመረጥ የሚያልፈው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ፊልሙ ስድስት መስመር ይዞ ቢመጣም ቲቪው ሁለት አድርጎ ጨፍልቆ ይልከዋል። ወጣቱ ቢትስትሪም ወደሚለው ቀየረው፤ በሌሎች ቲቪዎች አውቶ ወይም ፓስስሩ ሊባል ይችላል። ወዲያው የሳውንድባሩ ማሳያ ላይ የዶልቢ ስም መጣ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ይህን ባለማወቅ ግን የኋላ ስፒከሮቻቸውን ያለሥራ የሰቀሉ ቤቶች ጥቂት አይመስሉኝም።

ስለ መስመሩ ጥቂት ልጨምር። ብሉቱዝ ግራና ቀኝን ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ስልክን በብሉቱዝ አገናኝቶ የዙሪያ ድምፅ መጠበቅ ከንቱ ነው። በቀይ ብርሃን የሚሠራው ኦፕቲካል ኬብል መደበኛውን ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ያሳልፋል፤ ኔትፍሊክስና መሰሎቹ የሚጠቀሙበትን ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ግን አያሳልፍም፤ ቲቪው ወደ መደበኛው ካልቀየረው በቀር ድምፁ ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ፕላሱንም አትሞሱንም ያደርሳል። አዲሱ ኢኤአርሲ ደግሞ የብሉሬይን ምንም ያልጎደለበት ድምፅ ሳይቀር ይሸከማል፤ ብሉሬይ ለሌለው ቤት ግን ልዩነቱ ብዙ አያሳስብም።

ቀጥሎ የመጣውን ሥራ ነው አብዛኛው ሰው የሚዘለው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ሳውንድባሩ ከመቀመጫው 3 ሜትር ቢርቅና የግራው ስፒከር 1 ሜትር ከ20 ቢሆን፣ የኋላው ድምፅ ከፊተኛው 5 ሚሊሰከንድ ያህል ይቀድማል። ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ነው የሚያምነው። ሔልሙት ሐስ የተባለው ጀርመናዊ በ1949 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው አንድ ድምፅ ከሁለት ቦታ ጥቂት ሚሊሰከንዶች ተለያይቶ ሲመጣ አንጎል ከመጀመሪያው ቦታ የመጣ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ቅርቡ ስፒከር እንዲዘገይ ካልተደረገ ከፊትም ከኋላም የሚሰማ ነገር ሁሉ ወደ ኋላ ይሳባል። ወጣቱ ከካርቶኑ ላይ ቁጥሮቹን እያነበበ በሪሞቱ ርቀቶቹን አስገባ፤ የቀረውን ሳውንድባሩ ራሱ ያሰላዋል። ርቀት መሙያ በሌላቸው ሞዴሎች ስልክ ወይም ማይክ ተጠቅሞ ክፍሉን የሚለካ መተግበሪያ ብዙ ጊዜ አለ።

ከዚያ የድምፅ መጠኑ። ሳውንድባሩ ለመሞከሪያ የሚለቀው «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከእያንዳንዱ ስፒከር ተራ በተራ ሲወጣ የቤቱን እመቤት በረጅሙ ሶፋ መሃል አስቀምጦ «የቱ ይበልጣል እህቴ?» እያለ ከፍ ዝቅ አደረገው። የመጀመሪያ ምርጫዋ የኋላዎቹን ከፍ ማድረግ ነበር፤ ገና የገዙት ዕቃ እንዲሰማ የማይፈልግ የለም። ወጣቱ ለጊዜው እንዳለችው አደረገላት። ከዚያ የአልፎንሶ ኩዋሮንን «ሮማ» ከፈተ።

ይህን ፊልም መምረጡን አደነቅሁ። «ሮማ» በ2018 የወጣ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ሲቲ ያለ አንድ ቤተሰብና የቤት ሠራተኛዋ ላይ የሚያተኩር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ከላይ የተጨመረ ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም። ሁሉም ድምፅ ከቤቱና ከመንገዱ ነው የሚመጣው፦ ግቢው ሲታጠብ የሚፈሰው ውሃ፣ የሚጮኸው ውሻ፣ በሰማይ የሚያልፈው አውሮፕላን፣ የሱቅ በደረቴ ጥሪና ፉጨት። ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ድምፁም አብሮት ይዞራል፤ ከፊት የነበረ ሰው ንግግር ጎን ላይ ያርፋል። የመንገዱ ሻጭ ጥሪ ከመስኮቱ በኩል ሲመጣ የቤቱ ትንሽ ልጅ ወደ መጋረጃው ዞረች። «ቆራሌው» እያለ በየሰፈሩ የሚያልፈውን ሰው እየሰማ ያደገ ልጅ ያንን ድምፅ የሚጠብቀው ከዚያው አቅጣጫ ነው። ሠራተኛዋ ዋና ሳትችል ልጆቹን ለማውጣት ባሕር ውስጥ የምትገባበት ትዕይንት ላይ ማዕበሉ ከፊት ጀምሮ በሁለቱም ጎን አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። ክፍሉ ዝም አለ።

የቤቱ እመቤት ራሷ ናት ከዚያ በኋላ «የኋላውን ቀንስልኝ» ያለችው። ከፍ ብሎ በነበረበት ሰዓት ስፒከሮቹ ስፒከር መሆናቸው ይታወቅባቸው ነበር፤ ዓይን እየተጎተተ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ሁለት ደረጃ ሲወርድ ባሕሩ ቀረና ስፒከሮቹ ጠፉ። ለመለኪያ የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ፊልሙ እየሄደ የኋላውን ዝም አሰኙት። ክፍሉ ድንገት የጠበበ ከመሰላችሁ መጠኑ ልክ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ድምፅ እንምጣ፤ ምክንያቱም ይህ ቤት ከሳምንቱ አብዛኛውን ሰዓት የሚያየው የአማርኛ ድራማ፣ ዜናና ዩቲዩብ ነው። አብዛኛው በግራና በቀኝ፣ በሁለት መስመር ነው የሚመጣው። ለዚህ ሳውንድባሮች ማስፋፊያ ዘዴ አላቸው፦ በሁለቱ መስመሮች ላይ እኩል የሚገኘውን፣ ብዙ ጊዜ ንግግሩን፣ መሃል ላይ ይተዉና በሁለቱ መካከል የሚለያየውን፣ ማለትም ጭብጨባውን፣ የአዳራሹን ማስተጋቢያ፣ የማጀቢያ ሙዚቃውን ስፋት ወደ ኋላ ይልኩታል። በጥሩ ሁኔታ የተቀረጸ የመድረክ ዝግጅት ላይ ይህ ያምራል። ድራማ ላይ ግን እናትየው አልወደዱትም፤ ማጀቢያው ከመስኮቱ በኩል ሲመጣባቸው «ሰዎቹ እዚያ እያወሩ ዘፈኑ እኔ ጋ ምን ይሠራል?» አሉ። ልክ ናቸው። ለድራማና ለዜና ማስፋፊያው ይጥፋ፤ ንግግሩ ከፊት ጥርት ብሎ ይሰማ። ለእግር ኳስ ደግሞ 5.1 የሚያስተላልፍ ቻናል ካለ የተመልካቹ ጩኸት ከኋላ ይመጣል፤ ከሌለም ማስፋፊያው መጥፎ አይሆንም። በዓል ሲሆንና ቤቱ በሰው ሲሞላ ሁሉም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ዘፈን የሚያወጡበት ሌላ ምርጫ አለ። ያኔ የፊቱን ብዙ ከፍ ሳያደርጉ ዘፈኑ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል፤ ከቲቪው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ጆሮም ይድናል።

ስለ ጎረቤት የሚነሣው ሥጋት የኋላ ስፒከሮችን ብዙም አይመለከትም። የወለሉን ሲሚንቶ አልፎ ታች ቤት የሚወርደው የሳብዉፈሩ ወፍራም ድምፅ ነው። ማታ እሱን ዝቅ ማድረግ፣ ከግድግዳ ጥግም ማራቅ ይበቃል። ወለሉ ባዶ ሴራሚክ የሆነበት ቤት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይጨምር፤ እጅ ሲጨበጨብ የሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ የፊቱም የኋላውም ድምፅ ይደበላለቃል።

ሁሉም ሰው ይግዛ አልልም። ፊልም የሚያየው አልፎ አልፎ ለሆነ፣ ቲቪው ከዜናና ከድራማ ለማይወጣ ቤት ገንዘቡ ንግግርን ጥርት አድርጎ ለሚያወጣ የተሻለ የፊት ሳውንድባር ቢውል ይሻላል። ፊልም ለሚወድ፣ ሳውንድባሩ ለሚቀበል፣ ሁለት ሶኬትና ሁለት የግድግዳ ቦታ ላለው ሰው ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ጭማሪ አላውቅም። ሳውንድባሩ የኋላ ስፒከር የማይቀበል ከሆነ የሌላ ኩባንያ ስፒከር በብሉቱዝ አገናኝቶ ለመተካት መሞከር አያዋጣም፤ ድምፁ ይዘገያል፣ የሚሰማውም የኋላው መስመር ሳይሆን ያው የፊቱ ቅጂ ነው። ለዚህ ሰው ያለው መንገድ ያለውን ሳውንድባር ሸጦ ከነኋላው በአንድ ሳጥን የሚመጣ ማግኘት ነው። ሽቦ የማያስጨንቀው ከሆነ ደግሞ ኤቪ ሪሲቨር የሚባለውን ማጉያ ከአምስት ተራ ስፒከሮችና ከአንድ ሳብዉፈር ጋር ይግዛ፤ እዚያ ላይ የየትኛውም ኩባንያ ስፒከር ይገጥማል፤ አንዱ ቢበላሽም የሚቀየረው አንዱ ብቻ ነው።